ስለ ማሽላ ጥንዚዛ ስም አወጣጥና ወገን አከፋፈል

በእርሻ ላይ ጉዳት ስለሚያደርሱ ተባዮች ከየወረዳው የሚጻፈው ወረቀት ብዙ ጊዜ «ጥንዚዛ ገባብን» የሚል ቃል ብቻ ይዞ ይመጣል። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ጥንዚዛ የሚባለው ስም የአንድ ፍጥረት ስም ሳይሆን የብዙ ሺሕ ፍጥረቶች የጋራ መጠሪያ ነውና። ሊቃውንት መርምረው ስም ያወጡላቸው የጥንዚዛ ዓይነቶች ከ350,000 የሚበልጡ ናቸው። ከነዚህም ውስጥ በማሳ ላይ እህል የሚበላ አለ፤ በጎተራ ገብቶ እህል የሚያነቅዝ አለ፤ እንጨት የሚቦረቡር አለ፤ ዕበት እየቀበረ መሬት የሚያለማ አለ፤ ሌላውን ተባይ እያደነ የሚበላም አለ። ስለዚህ «ጥንዚዛ ገባ» ብሎ መጻፍ «ሰው መጣ» ብሎ እንደ መጻፍ ነው፤ የመጣው እንግዳ ይሁን ወይም ሐኪም ወይም ወንበዴ ከቃሉ ለማወቅ አይቻልም።

የዚህ ነገር ጉዳቱ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። የተባዩ ስም ካልታወቀ መቼ እንደሚወለድ፣ የት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ አይታወቅም። ይህ ካልታወቀም መድኃኒቱ በማይገባው ወር፣ በማይገባው ቦታ ይፈስሳል፤ ገንዘቡ ይጠፋል፤ ንቡ ይሞታል፤ ተባዩ ግን ከመሬት በታች በደኅና ተኝቶ ይከርማል። በመከር ጊዜ ዛላው ባዶ ሆኖ የሚያገኘው ባላገር ነው። ስለዚህ ሹማምንትና ባለ መሬቶች የጥንዚዛ ስም እንዴት እንደሚወጣ፣ ወገኑም እንዴት እንደሚከፈል በጥቂቱ ቢያውቁ ጥቅሙ ለመሥሪያ ቤትም ለባላገርም ነው። ለምሳሌ የሚሆነውም በሰሜን ሸዋ ቆላ ማሽላ በማጥፋት የታወቀው ጥንዚዛ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር፣ ወሮቹ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥንዚዛ ከሌላው ነፍሳት በምን እንደሚለይ

ነፍሳት ሁሉ ስድስት እግር አላቸው። ከነሱም መካከል ጥንዚዛ የሚለየው በክንፉ ነው። አራት ክንፍ ሲኖረው የፊተኞቹ ሁለቱ ደንድነው እንደ ክዳን ሆነዋል፤ የሚበርባቸው ሁለቱ የኋላ ክንፎች ስስ ሆነው ከክዳኑ በታች ይታጠፋሉ። የጽርዕ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ይህን አይቶ ወገኑን ሁሉ ከ«አፎት»ና ከ«ክንፍ» በተገጠመ ቃል ጠራው፤ ይኸውም ኮሌኦፕቴራ ማለት ነው፤ ትርጓሜውም ክንፉ በአፎት ያለ ማለት ይሆናል። ሰይፍ በአፎቱ እንደሚሰወር ክንፉ በክዳኑ ውስጥ ይሰወራልና ስሙ ከነገሩ ጋር የተስማማ ነው፤ እስከ ዛሬም በዓለም ሁሉ ይሠራበታል።

ከነዚህ ባለ አፎት ክንፎች መካከል ስካራብ የሚባለው ቤተ ሰብ አለ፤ በውስጡም ስም የወጣላቸው ዓይነቶች ከ25,000 ይበልጣሉ። ምልክቱ በቀንዱ ጫፍ ላይ ነው፤ ከግንባሩ የሚወጡት ሁለቱ ቀጫጭን ቀንዶች ጫፋቸው ላይ ስስ ቅጠሎች አሉ፤ እነዚህም እንደ መጽሐፍ ቅጠል ይገለጣሉ፣ ይከደናሉ። ጥንዚዛው ሽታ የሚቀበለው በነዚህ ነው። ዕጩ ማለት ልጅነቱ ደግሞ ነጭ፣ ወፍራም፣ ራሱ ቡኒ፣ አካሉ እንደ ማጭድ የጎበጠ ትል ነው። አራሽ ማረሻ ሲገባ ወይም ፍግ ሲገለበጥ የሚያየው ነጭ ትል ብዙ ጊዜ የዚህ ቤተ ሰብ ልጅ ነው።

በዚህ አንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ግን ጠባያቸው የተራራቀ ሰዎች እንደሚኖሩ ሁሉ በስካራብም ውስጥ እንዲሁ ነው። አንዱ ክፍል ዕበትና ፋንድያ የሚበላው ነው፤ የጥንት ግብጻውያን በማኅተማቸውና በጌጣቸው ላይ ቅርጹን የቀረጹት፣ ዕበት አድበልብሎ የሚያንከባልለው ከዚህ ክፍል ነው። ሁለተኛው ክፍል ትልልቅና ባለ ቀንድ የሆኑት ናቸው፤ ከነሱም አንዱ በእስያና በደቡብ ባሕር ደሴቶች የኮኮናት ዛፍ እምብርት እየበሳ የሚያጠፋው ነው። ሦስተኛው ክፍል ከአበባና ከፍሬ ላይ የማይጠፋው ነው። የማሽላ ጥንዚዛ ከዚህ ከሦስተኛው ይቆጠራል።

ሁለት ቃል ያለው ስም እንዴት እንደ ተጀመረ

አስቀድሞ የኤውሮፓ ሊቃውንት አንድን ፍጥረት ሲጠሩ በሮማይስጥ ቋንቋ ረጅም ሐረግ ይጽፉ ነበር፤ ቀለሙን፣ ቀንዱን፣ የሚኖርበትን ቦታ ሁሉ እየዘረዘሩ አንድ መስመር ያህል ይሞሉ ነበር። ይህም ለማስታወስ አስቸጋሪ ሆነ፤ ሁሉም በየራሱ ሐረግ ስለሚጠራ አንዱ ሊቅ የሌላውን ለማወቅ ይቸገር ነበር። የሱዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ ይህን አሳጠረ። በ1758 በታተመው «የፍጥረት ሥርዓት» በሚባለው መጽሐፉ 10ኛ እትም ለእንስሳት ሁሉ ሁለት ሁለት ቃል ብቻ ሰጠ። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ቃል ዓይነቱን የሚያስታውቅ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አንድ ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል፤ ተሰማ የሚባል ብዙ ሰው ቢኖርም የአባቱ ስም ሲጨመርበት የትኛው ተሰማ እንደ ሆነ ይለያል። ልዩነቱ የሊቃውንቱ ሥርዓት የወገኑን ስም አስቀድሞ የራሱን ስም ማስከተሉ ነው። ደግሞም ልጅ በቤት አንድ ስም፣ በሠፈር ሌላ ስም ቢወጣለት የክርስትና ስሙ አንድ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ጥንዚዛም በየአገሩ ልዩ ልዩ ስም ቢጠራ የሊቃውንቱ ስም አንድ ነው።

ሊኔየስ የግብጹን ዕበት አንከባላይ ስካራቤዉስ ሳኬር ብሎ ሰየመው፤ ሳኬር ማለት የተቀደሰ ማለት ነው። ባለ ቀንዱን የኮኮናት ጥንዚዛ ደግሞ ስካራቤዉስ ሪኖኬሮስ አለው፤ ሪኖኬሮስ ማለት አውራሪስ ነው። እነዚህን ጠባያቸው የተለያየውን ሁሉ በአንድ ወገን ስም፣ በስካራቤዉስ ሥር አስገብቷቸው ነበር። በዚያ ዘመን የታወቁት ጥቂት ስለ ነበሩ ይህ ይበቃ ነበር። ከልዩ ልዩ አገር የሚመጣው ጥንዚዛ እየበዛ ሲሄድ ግን አንዱ ወገን ሁሉን መያዝ አልቻለም፤ ግዛት ሲሰፋ በወረዳ፣ ወረዳም በቀበሌ እንደሚከፈል ወገኖቹም ይከፈሉ ጀመር።

ወገኖቹን የከፈሉት ሊቃውንት

የሊኔየስ ደቀ መዝሙር የነበረው የዴንማርኩ ዮሐን ክርስቲያን ፋብሪሲዉስ ነፍሳትን በአፋቸው አሠራር እየለየ ከፈለ፤ የሚበላውን የሚያስታውቅ አፉ ነው ብሎ ስላሰበ ነው። በ1775 ከስካራቤዉስ ውስጥ የአበባ ጥንዚዞችን ለይቶ ኬቶኒያ የሚባል ወገን አቆመላቸው። በዚህም አበባ ላይ የሚኖረው ዕበት ከሚያንከባልለው ተለየ።

ከዚህ በኋላ የመጣው የፈረንሳዩ ሐኪም ጊዮም አንቷን ኦሊቪዬ ነው። ከ1789 እስከ 1808 ድረስ በብዙ ክፍል የታተመ፣ የጥንዚዞቹ ሥዕል በቀለም ያለበት ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬ የማሽላ ጥንዚዛ የሚባለውን ከአፍሪካ የሆነውን ፍጥረት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥርዓቱን ጠብቆ ገልጾ ስም ያወጣለት እርሱ ነው፤ በ1789 ኬቶኒያ ኢንቴሩፕታ ብሎ ሰየመው። ኢንቴሩፕታ ማለት በሮማይስጥ የተቋረጠች ማለት ነው።

የስካራብ ቤተ ሰብ በቤተ ሰብነቱ የቆመው ደግሞ በ1802 በሌላው ፈረንሳዊ በፒየር አንድሬ ላትሬይ ነው። የዚህ ሰው ታሪክ የጥንዚዛን ስም ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ስለሚያስረዳ ሊነገር የተገባ ነው። ላትሬይ ቄስ ነበር። በፈረንሳይ የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ቀሳውስት ለአዲሱ ሥርዓት እንዲምሉ ሲታዘዙ መሐላውን ስላልፈጸመ በ1793 በቦርዶ ከተማ ታሰረ፤ የሚጠብቀውም ሞት ነበር። አንድ ቀን የእስር ቤቱ ሐኪም በሽተኞችን ሊጎበኝ ሲገባ ላትሬይ በወለሉ ላይ ያገኘውን ትንሽ ጥንዚዛ አተኩሮ ሲመለከት አገኘው። ምን እንደሚያይ ቢጠይቀው ይህ ጥንዚዛ ከስንት አንዴ የሚገኝ ነው ብሎ መለሰለት። ሐኪሙም ጥንዚዛውን ወስዶ ቦሪ ደ ሰን ቨንሰን ለተባለ የ15 ዓመት ወጣት አሳየ። ወጣቱ የሥነ ፍጥረት ወዳጅ ነበርና የላትሬይን ሥራ ያውቅ ነበር፤ ስለ እርሱ ለምኖ አስፈታው። አብረውት የታሰሩት ግን ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ያ ጥንዚዛ ኔክሮቢያ ሩፊኮሊስ የሚባለው፣ አንገቱ ቀላ ያለ፣ በደረቀ ሥጋ ላይ የሚኖር ዓይነት ነው፤ ከስካራብ ቤተ ሰብ አይደለም። ላትሬይ ከእስር ከወጣ በኋላ በ1796 የነፍሳትን ወገኖች የሚለይበትን መጽሐፍ አሳተመ፤ ነፍሳትን በቤተ ሰብ መክፈልም ከእርሱ ሥራ የተነሣ ተስፋፋ።

በመጨረሻም የጀርመኑ ሊቅ ኸርማን ቡርማይስተር በ1842 ኬቶኒያ የተባለው ወገን ራሱ እጅግ እንደ በዛ አይቶ እንደ ገና ከፈለው፤ በአፍሪካ ለሚገኙት ለነዚህ ጥንዚዞች ፓክኖዳ የሚል የወገን ስም አወጣላቸው። የማሽላ ጥንዚዛም ከዚያ ጀምሮ ፓክኖዳ ኢንቴሩፕታ ተባለ።

በስሙ መጨረሻ ያለው ቅንፍ ምን ማለት እንደ ሆነ

በሊቃውንት ጽሑፍ የዚህ ጥንዚዛ ስም ሲጻፍ «ፓክኖዳ ኢንቴሩፕታ (ኦሊቪዬ፣ 1789)» ይላል። ይህን አይቶ ቅንፉ ለጌጥ የተደረገ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን ትርጉም አለው። የዓይነቱን ስም ያወጣው ኦሊቪዬ እንደ ሆነ፣ ያወጣውም በ1789 እንደ ሆነ፣ ስሙ በቅንፍ መግባቱ ደግሞ ኦሊቪዬ በሌላ ወገን መድቦት እንደ ነበረና በኋላ ወደ አሁኑ ወገን እንደ ተዛወረ ያስታውቃል። የግብጹ ጥንዚዛ ግን ሊኔየስ በመደበው ወገን ስለ ቀረ «ስካራቤዉስ ሳኬር ሊኔየስ፣ 1758» ተብሎ ያለ ቅንፍ ይጻፋል። አንዱ ቅንፍ የሃምሳ ሦስት ዓመት ታሪክ ይነግራል ማለት ነው።

የመሬት ባለቤትነት ክርክር ሲነሣ አስቀድሞ የተመዘገበው እንደሚረታ በስምም ሕጉ ይኸው ነው። ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ ለአንድ ፍጥረት ሁለት ስም ቢያወጡ አስቀድሞ የታተመው ስም ይጸናል፤ ኋለኛው ይቀራል። ይህ የቅድሚያ ሕግ ከ1758 ወደ ኋላ አይሄድም፤ መነሻው የሊኔየስ መጽሐፍ ነውና። ሕጉን የሚጠብቀው በ1895 የተቋቋመው የእንስሳት ስም ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲሆን የሚሠራበት የሕግ መጽሐፍ 4ኛ እትም ከ2000 መጀመሪያ አንሥቶ የጸና ነው።

ሌላም ሕግ አለ። አዲስ ስም የሚያወጣ ሊቅ ስሙን ያወጣበትን አንዱን ጥንዚዛ ለይቶ በቤተ መዘክር እንዲያኖር ይገባዋል፤ ይህም የስሙ ምስክር ይባላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ክርክር ቢነሣ ሊቃውንት ቃሉን ብቻ ሳይሆን ምስክሩን ከፍተው ያያሉ። የሚዛን ልክ ሲጠራጠሩ ከመነሻው ሚዛን ጋር እንደሚያስተያዩት ነው።

አንድ ጥንዚዛ በሁለት አገር ሁለት ስም

ይህ ሁሉ ሥርዓት ለባላገር ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር መልሱ በዚሁ በማሽላ ጥንዚዛ ታሪክ ይገኛል። ፓክኖዳ ኢንቴሩፕታ ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ ከሰሐራ በረሃ በታች ባለው ደረቅ አገር ሁሉ ይገኛል። በማሊ ባላገሮች ቡልቱግ የሚባለውን እህል ስለሚያጠፋባቸው በዚያ ያጠኑት ሊቃውንት የቡልቱግ ጥንዚዛ ይሉታል። በኢትዮጵያ ማሽላ ስለሚበላ የማሽላ ጥንዚዛ ተባለ። በአገር ስሙ ብቻ ቢጠራ ኖሮ አንዱ የቡልቱግ፣ ሌላው የማሽላ ጠላት ነው ተብሎ ሁለት ፍጥረት በመሰሉ ነበር፤ በማሊ በድካም የተገኘው ዕውቀትም በማሊ ተዘግቶ በቀረ ነበር። የሊቃውንቱ ስም አንድ በመሆኑ ግን በኢትዮጵያ ስለ ጥንዚዛው ለመጠየቅ የተነሣ ሰው በዚያ ስም መጽሐፉን ገልጦ በማሊ የተጻፈውን ለማግኘት ይችላል።

በኢትዮጵያ ይህ ጥንዚዛ ከፍ ያለ ጥፋት ማድረስ የጀመረው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ነው። በተለይ በሰሜን ሸዋ ቆላ በሸዋ ሮቢትና በቀወት አካባቢ፣ ወደ አፋር በሚያዋስነውም አገር ማሽላውን ወተት በያዘ ጊዜ ወርሮ ዛላውን ባዶ ያስቀር ነበር። ማሽላ በነዚህ አገሮች የዓመት ቀለብ ስለ ሆነ ዛላው ባዶ ሲሆን የቤቱ ሌማት ባዶ መሆኑ ነው።

የጥንዚዛው የዓመት ኑሮ

የስሙና የወገኑ መታወቅ የኑሮውን ሥርዓት ለማወቅ በር ከፈተ። ይህ ጥንዚዛ በዓመት የሚወልደው አንድ ትውልድ ብቻ ነው። የክረምቱ ዝናም ሲጀምር በሰኔና በሐምሌ ከተኛበት መሬት ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ማሽላው ገና ቡቃያ ስለ ሆነ በዱር አበባና ፍሬ ይኖራል። ወንዱና ሴቷ ይገናኛሉ፤ ሴቷም ዕንቁላሏን በአፈር ውስጥ ትጥላለች። ዕጩ በክረምቱ በበሰበሰ ቅጠልና በፍግ እየተመገበ በአፈር ውስጥ ያድጋል። መስከረም ሲጠባና ጥቅምት ሲደርስ አዲሶቹ ጥንዚዞች ይወጣሉ፤ የሚወጡትም ማሽላው ወተት በሚይዝበት ሰዓት ነው። እህሉ ገና ለስላሳ ስለ ሆነ በዛላው ላይ ተሰብስበው ይመጡታል። ማሽላው ሲደርቅና በጋው ሲበረታ ደግሞ ወደ መሬት ገብተው እስከ ሚቀጥለው ሰኔ ይተኛሉ።

ከዚህ የሚገኘው ማስተዋል ለሹማምንት እጅግ የሚጠቅም ነው። በሰኔና በሐምሌ በዱር አበባ ላይ የሚታየውና ማንንም የማይጎዳ የሚመስለው ጥንዚዛ፣ ባለፈው ጥቅምት ማሽላ ያጠፋው ራሱ ነው፤ በሚመጣው ጥቅምት የሚያጠፋውንም የሚወልድ እርሱ ነው። በጥቅምት አንድ ጥንዚዛ ቢሞት አንድ ብቻ ይቀነሳል፤ በሐምሌ መጀመሪያ ዕንቁላሏን ሳትጥል አንዲት ሴት ብትሞት ግን ልጆቿ ሁሉ ይቀነሳሉ። ስለዚህ ጥንዚዛውን በዛላ ላይ እስኪያዩት መጠበቅ ቤት ከተቃጠለ በኋላ ውኃ እንደ መፈለግ ነው።

ወገኑ መድኃኒቱን እንዴት እንዳመለከተ

የአበባ ጥንዚዞች በአበባና በበሰለ ፍሬ ሽታ እንደሚሳቡ በሌላውም አገር የታወቀ ነው። የማሽላ ጥንዚዛ ከዚህ ክፍል መሆኑ ስለ ታወቀ በሽታ ለመያዝ ይቻል እንደ ሆነ የኢትዮጵያና የሱዊድን ሊቃውንት ከ2000 በኋላ ባሉት ዓመታት በማሳ ላይ ሞከሩት። ሙዝ በወጥመድ ውስጥ ቢያኖሩ ጥንዚዛው ወደ እርሱ ሄደ። በአበባና በፍሬ ሽታ ውስጥ ከሚገኙትም ቅመሞች እነ ሜቲል ሳሊሲላትና ፊኒልአሴታልዴሃይድ እንደሚስቡት ተገኘ። ከዚያም በኋላ ፊኒልአሴታልዴሃይድ የተባለውን ሽታ ሴቷ ጥንዚዛ ራሷ እንደምታወጣውና ወንዱን እንደምትጠራበት ተረዳ። ሽታው የሚቀበለው በዚያ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በሚገለጠው ቀንዱ ነው።

ይህ ወጥመድ ብቻውን ተባዩን ከአገር ያጠፋል ማለት አይደለም፤ በአንድ ባላገር ማሳ ብቻ ቢተከልም የጎረቤቱ ጥንዚዛ ክንፍ ስላለው ተመልሶ ይመጣል። የሚበጀው የአንድ አገር ሰው ባንድነት በአንድ ሰሞን ሲሠራው ነው፤ ይህንንም ማዘዝና ማስተባበር የሹም ሥራ ነው። ሆኖም የጥንዚዛው ወገን ሳይታወቅ ቢቀር ኖሮ ሙዝ በወጥመድ ለማኖር ያሰበ ሰው ባልተገኘም ነበር።

ወዳጅን ከጠላት ስላለመለየት

የስሙ አለመታወቅ ጠላትን ከማስመለጡ ሌላ ወዳጅንም ያስገድላል። ዕበት የሚቀብረው ጥንዚዛ ከማሽላው ጥንዚዛ ጋር በአንድ ቤተ ሰብ ነው፤ ዕጩም ነጭና ጎባጣ ስለ ሆነ ይመሳሰላል። ሥራው ግን ፍጹም ሌላ ነው፤ ዕበቱን ወደ መሬት ያወርዳል፣ አፈሩን ያለሰልሳል፣ ዝንብ የሚራባበትንም ያጠፋል።

የዚህን ጥቅም የአውስትራልያ ሕዝብ በጉዳት ተማረው። ከብት ወደዚያ አገር የገባው ከ1788 ወዲህ ነው። የአገሩ ጥንዚዞች የለመዱት የካንጋሩንና የመሰሎቹን ደረቅና ትንንሽ በጠጥ ስለ ነበረ የላሙን ርጥብ ዕበት አልቀበር አሉት። ዕበቱ በግጦሹ ላይ ተከምሮ ሣሩን ሸፈነ፤ ዝንብም በዛ። በሀንጋሪ የተወለደው ሊቅ ጆርጅ ቦርኔሚሳ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከአፍሪካና ከሌላም አገር ዕበት ቀባሪ ጥንዚዞችን እያስመረጠ ወደ አውስትራልያ አስገባ፤ ብዙዎቹም ለምደው ተራቡ። በዚህ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የተፈለገው የስም ጉዳይ ነበር፤ ለየትኛው አየርና ለየትኛው አፈር የትኛው ዓይነት እንደሚስማማ ሳይለዩ ማስገባት አይቻልምና። ከነዚያ ውስጥ ጋዜላ የሚባለው የአፍሪካ ጥንዚዛ አንድ ዓይነት ይመስል ነበር፤ በ2017 በታተመ ምርመራ ግን በዚያ ስም ሥር ብዙ ዓይነቶች ተቀላቅለው እንደ ኖሩ ተገለጠ። ስም አወጣጥ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ስለዚህ በፍግ ክምር ውስጥ ነጭ ትል ያየ ባላገር ሁሉን በመድኃኒት እንዲያጠፋ ማዘዝ አይገባም። አንዱ ምልክት ይህ ነው፤ ከአበባ ጥንዚዞች ዕጮች ብዙዎቹ በሜዳ ላይ ሲያኖሯቸው በጀርባቸው ተንጋልለው ይሄዳሉ፤ ሥር የሚበሉት የሌላ ክፍል ዕጮች ግን እንዲህ አያደርጉም። ነገር ግን በዚህ ምልክት ብቻ መፍረድ አይበቃም፤ እርግጡን የሚናገረው ጥንዚዛውን መርምሮ የሚያውቅ ሰው ነው።

ጥንዚዛ ለምርመራ ሲላክ የሚገባው ጥንቃቄ

ወረቀት ብቻ ከመላክ ጥንዚዛውን ራሱን መላክ ይሻላል። የሚላከውም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የደረሰው ጥንዚዛ ከአምስት ያላነሰ ይሰብሰብ፤ ቀለማቸው የሚለያይ እንደ ሆነ ከያንዳንዱ ይወሰድ፤ በአንድ ዓይነት ውስጥ መልክ ይለዋወጣልና። በጥላ ደርቆ በቀጭን ወረቀት ወይም በጥጥ መካከል በጠንካራ ሣጥን ይደረግ። በመርፌ የሚወጋ ከሆነ በቀኙ ክዳን በኩል ይወጋ፤ በመካከል ቢወጋ የሚፈለገው ምልክት ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ ዕጩ ከተገኘ በፈላ ውኃ ጥቂት ጊዜ ተነክሮ ከዚያ በኋላ በአልኮል በጠርሙስ ይደረግ። ሳይነከር ቢቀር ይጠቁራል። ዕጩን አድርቆ መላክ ከንቱ ነው፤ ይጨማደዳልና።

ሦስተኛ፣ ከያንዳንዱ ጋር ወረቀት ይኑር፤ በወረቀቱም ላይ የተገኘበት ወረዳና ቀበሌ፣ ቀኑና ወሩ ከዓመተ ምሕረቱ ጋር፣ አገሩ ቆላ ወይም ወይና ደጋ መሆኑ፣ የተገኘበት ተክል፣ ተክሉም ቡቃያ ወይም ወተት የያዘ ወይም የደረቀ መሆኑ፣ የሰበሰበውም ሰው ስም ይጻፍ። ጽሕፈቱ በእርሳስ ይሁን፤ ቀለም በአልኮል ይጠፋል። ወረቀት የሌለው ጥንዚዛ ምስክር የሌለው ክስ ነው።

አራተኛ፣ ባላገሩ ጥንዚዛውን በራሱ ቋንቋ የሚጠራበት ስም ካለ ሳይቀየር ይጻፍ። ሽማግሌዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲያዩት የኖሩትን ፍጥረት ከአዲስ መጤው የሚለዩበት ስም ሊኖራቸው ይችላል፤ ተባዩ መቼ እንደ ታየም ከማንም ይልቅ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። የሊቃውንቱ ስም የአገሩን ስም ለመሻር የወጣ አይደለም።

እንዲህ ሆኖ የተላከ አንድ ሣጥን ከብዙ ወረቀት ይልቅ ይናገራል። ጥንዚዛው ፓክኖዳ ኢንቴሩፕታ ሆኖ ከተገኘ ሹሙ ሥራውን በሰኔ እንዲያዘጋጅ ይነገረዋል፤ ዕበት ቀባሪው ሆኖ ከተገኘም ባላገሩ እጁን እንዲሰበስብ ይነገረዋል። ሁለቱንም ለማለት የሚቻለው ግን ሣጥኑ ማሽላው ከመታጨዱ በፊት ሲደርስ ነው።